ልጅ ማስመጣቱ ይብቃን፦ በደቡብ አፍሪካ ለምትገኙ ኢትዮጵያውያን ባለሱቆች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ የጄፒ ገበያና በየሎኬሽኑ (በየጥቁሮች መኖሪያ ሰፈሩ) ያላችሁ ባለሱቆች፣ የኮሚኒቲ መሪዎች፣ የዕቁብ ሰብሳቢዎችና የዕድር ዳኞች፦

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእኛው ለራሳችን ነው። ለደቡብ አፍሪካውያን የምንሰጠውን መልስማ ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ሥራ ፈጠርን እንጂ አልወሰድንም። ክሊኒካችሁን ያጨናነቀው ስደተኛ አይደለም። ኪራይ እንከፍላለን፣ ቫት እንከፍላለን። እኔም ይህንኑ ስናገር ኖሬያለሁ፤ አብዛኛው እውነት ስለሆነ ወደፊትም እናገረዋለሁ። ግን ቁጭ ብለን በግልጽ ያልተነጋገርንበት አንድ ጉዳይ አለ። ያለ ወረቀት፣ ማለትም ያለ መኖሪያና ሥራ ፈቃድ፣ ከሀገር ቤት ልጅ እያስመጣን ሱቅ ውስጥ የማስቀመጣችን ጉዳይ ነው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የሀበሻ ሱቆችን ደብተር እይዛለሁ፣ የታክስ ፎርም እሞላለሁ። ደብተሩ ላይ ሁሉም ነገር አለ። የጋራዡ ኪራይ አለ፣ መብራቱ አለ፣ የመኪናው ቤንዚን አለ፣ የካሽ ኤንድ ካሪው (የጅምላ መደብሩ) ደረሰኝ አለ። ሱቁን ከጠዋት እስከ ማታ የሚይዘው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ደመወዙም ስሙም የለም። ስጠይቅ "እሱ የአክስቴ ልጅ ነው፣ ዕዳውን እየጨረሰ ነው" እባላለሁ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ብርዱ በበረታበት ሰሞን፣ ካትሌሆንግ በተባለው ሎኬሽን ውስጥ ካለ ሱቅ ደረሰኝ ልወስድ ሄጄ ነበር። ሱቁ የአንዲት ጎጎ (አሮጊት) ጋራዥ ነው። ፊቱ በብረት ፍርግርግ ተዘግቷል። ገንዘብ የሚገባበትና ዕቃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ አለው። ልጁ ከፍርግርጉ ኋላ ቆሞ አንድ እንቁላል፣ ነጠላ ሲጋራ፣ የአምስት ራንድ ኤርታይም፣ አንድ ዳይፐር እየነጠለ ይሸጣል። ፍራሹ ተጠቅልሎ ከበቆሎ ዱቄቱ ከረጢት ጀርባ ተሸጉጧል። የሚያድረው እዚያው ነው። እኔ ደረሰኙን ስደረድር አንዲት የሰፈሩ እናት ዳቦ ገዛችና "ለልጄ ሥራ የላችሁም? ማትሪክ ጨርሶ ቤት ቁጭ ብሏል" አለችው። ልጁ በተሰባበረ ዙሉ "ሥራ የለም ማማ" አላት። ዳቦዋን ይዛ ሄደች። አልተቆጣችም፣ አልሰደበችውም።

ቆይተን ስናወራ ጠዋት 12 ሰዓት ከፍቶ ማታ 3 ሰዓት እንደሚዘጋ ነገረኝ። እሁድም ጭምር። በቀን 15 ሰዓት መሆኑ ነው፤ በሳምንት 105። የሀገሪቱ ሕግ ለአንድ ሠራተኛ የፈቀደው መደበኛ ሰዓት በሳምንት 45 ነው። ያ ልጅ ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፣ ተርፎትም ይጨምራል። ለእናትየው "የለም" የተባለው ሥራ እዚያው ሱቅ ውስጥ ነበር።

እኔን ያስጨነቀኝ ይኸ ሒሳብ ነው። ጠላት ያወራው ወሬ አይደለም፣ ፖለቲከኛ ለምርጫ ያጋነነው ቁጥርም አይደለም። ከ30 በመቶ በላይ ሥራ አጥ ባለበት ሀገር ነው የምንኖረው። ሥራ ከሚፈልጉት ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉ ወጣቶች ከግማሽ በላዮቹ ሥራ አያገኙም። ያቺ እናት ያን ልጅ በየቀኑ ታየዋለች። ማታ ስትተኛ ሱቁ ክፍት ነው፣ ጠዋት ስትነሳም ክፍት ነው። የሷ ልጅ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ምን እንድታስብ ነው የምንጠብቀው?

ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በ2025 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) 28 ራንድ ከ79 ሳንቲም ነበር። በሳምንት 45 ሰዓት ለሚሠራ ሰው በወር ወደ 5,600 ራንድ ይመጣል። የሰፈሩን ልጅ ብትቀጥሩ ዝቅተኛውን ክፍያ ትከፍላላችሁ። ካልከፈላችሁ የሥራ ክርክር የሚያየው ሲሲኤምኤ ሄዶ ይከሳችኋል፣ ያሸንፋችሁማል። ከሀገር ቤት የመጣው ልጅ ግን የት ይሂድ? የባንክ ሒሳብ የለውም፣ ፖሊስ ሲያይ ይደበቃል፣ ቋንቋውን ገና አልለመደም። ስንት እንደሚከፈለው እዚህ አልጽፍም፤ እናንተም እኔም እናውቀዋለን። የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ጭራሽ ለመንገድ ዕዳ የሚሄድ ነው። ታታሪነቱን አልክድም። የተመረጠው ግን ለታታሪነቱ ብቻ አይደለም፤ መሄጃ ስለሌለውም ነው።

በነገራችን ላይ ሕጉ ልጁን ረስቶታል ብላችሁ አትዘናጉ። በ2008 የደቡብ አፍሪካ የሥራ ፍርድ ቤት የሥራ ፈቃድ የሌለው ሰውም ቢሆን እንደ ሠራተኛ ጥበቃ አለው ብሎ ወስኗል። በዚያ ላይ የኢሚግሬሽን ሕጉ ወረቀት የሌለውን ሰው እያወቀ የሚቀጥረውን አሠሪ ይቀጣል። ጥፋቱ በሕግ ፊት የሚቆጠረው በልጁ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ብዙዎቻችሁ ምን እንደምትመልሱልኝ አውቃለሁ። "እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት። ብርድ ልብስ ተሸክሜ በር ለበር በክሬዲት ሸጬ፣ ዝናብና ሌባ አሳድዶኝ ነው እዚህ የደረስኩት። ወንድሜን ባላመጣው ማን ያመጣዋል?" ይህን የሚሉ ሰዎችን አከብራለሁ። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ የመጣ ልጅ እዚህ ደርሶ ሰው የሆነው በዘመድ እጅ ነው። ሀገር ቤት ስንት ቤት ተሠርቷል፣ ስንት ተማሪ በዚህ ገንዘብ ተምሯል። ይህን የማላይ ሰው አይደለሁም።

ግን መንገዱ ዛሬ የያኔው መንገድ አይደለም። በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 የኢትዮጵያ ልጆች ታፍነው ሞተው ተገኙ። በ2022 መጨረሻ ሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። በዚያው ዓመት ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ። በዚህ መንገድ የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ በራሳቸው ገንዘብ አይሳፈሩም። እዚህ ያለ ሰው ለደላላው ልኮላቸው ነው፤ ወይም ቤተሰብ መሬትና በሬ ሸጦ፣ የቀረውን እዚህ ያለው ሰው ሞልቶ ነው። ከዚያ ገንዘብ ውስጥ በዕቁብ የወጣ ስንት እንዳለ ሰብሳቢዎቹ ታውቃላችሁ። ከዚያ ደግሞ ዕድሩ ለአስከሬን ማጓጓዣ ያዋጣል። ለመጫኛም ለመመለሻም የምንከፍለው እኛው ሆንን።

ደርሶስ? ድሮ የገባ ሰው ሆም አፌርስ (የሀገር ውስጥ ጉዳይ ቢሮ) ተሰልፎ ሴክሽን 22 የሚባለውን የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ያወጣ ነበር። ወረቀቱ በየጊዜው እየታደሰ ዓመታት ይቆያል፤ ቢያንስ ይሠራበታል። አሁን ያ በር ጠቧል። በ2020 የጀመረው የስደተኞች ሕግ ማሻሻያ ጥያቄ ማቅረቢያውን አጥብቆታል። የሀገሪቱ ኦዲተር በ2019 ባወጣው ሪፖርት፣ አዲስ ጉዳይ አንድም ሳይጨመር የተከማቸውን ይግባኝ ብቻ ለመጨረስ 68 ዓመት ይፈጃል ብሏል። ስለዚህ ዛሬ የምታስመጡት ልጅ አምስት ዓመት ቆይቶም ወረቀት ላይኖረው ይችላል። ከፍርግርጉ ኋላ እንደቆመ ጎልማሳ ይሆናል።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በ2014 የደቡብ አፍሪካ ኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ከሶማሌዎቹ ማኅበር ጋር ሆኖ ሊምፖፖ ላይ ሱቅ የሚያሽገውን ዘመቻ እስከ ብሉምፎንቴይን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ አሸነፈ። ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ ነግዶ የማደር መብት አለው ተባለ። ትልቅ ድል ነበር፤ ዛሬ የምንነግድበት መሬት እሱ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ያ ፍርድ የቆመው ወረቀት ላለው ሰው ነው። ወረቀት የሌለው ልጅ ባስቀመጥንበት ሱቅ ሁሉ ያንን ፍርድ በገዛ እጃችን እየሸረሸርነው ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ልጁን ሲያገኘው የሚያሽገው ሱቁን ነው። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ስም ደግሞ የአንዱ ባለሱቅ አይደለም፤ የሁላችንም ነው።

በ2024 የሆነውን አልረሳችሁም። ሶዌቶ፣ ናሌዲ ውስጥ ስድስት ሕፃናት ቴርቡፎስ በተባለ የፀረ ተባይ መርዝ ሞቱ። በኅዳር ወር ፕሬዚዳንት ራማፎሳ በየክፍለ ሀገሩ 890 የምግብ መመረዝ አደጋ መድረሱንና ቢያንስ 22 ሰው መሞቱን ተናገሩ። ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ታዘዘ፤ ቀኑም እስከ የካቲት 2025 መጨረሻ ተራዘመ። ያ መርዝ ሰፈር ውስጥ በግልጽ የሚቸበቸበው አይጥ ስለበዛ ነው፤ አይጥ የበዛው ቆሻሻ ስለማይነሳ ነው። ይህ የማዘጋጃ ቤት ጉድለት ነው። ግን የምዝገባው ጊዜ ሲመጣ ስንቶቻችን ሱቁን በራሳችን ስም ማስመዝገብ ቻልን? ስንቱስ ሱቅ በጎረቤት ስም ተመዘገበ? ዱቄትና ፍራሽ ጎን ለጎን ያለበት ክፍል ለጤና ተቆጣጣሪ ይታያል? እነዚህን ጥያቄዎች ያመጣብን ጥላቻ ብቻ አይደለም።

ስለ ጥላቻው ግን በተሳሳተ መንገድ እንዳትረዱኝ። ሱቅ ማቃጠልን፣ ሰው መደብደብን የሚያጸድቅ አንዳች ነገር የለም። በ2008ቱ ጥቃት ከተገደሉት 62 ሰዎች 21ዱ የዚሁ ሀገር ዜጎች ነበሩ። እሳቱ ሲነሳ ወረቀት አይጠይቅም። ዓለም ባንክ በ2018 ባወጣው ጥናትም ከ1996 እስከ 2011 ባለው ጊዜ አንድ ስደተኛ ሠራተኛ በአማካይ ለሁለት ያህል ደቡብ አፍሪካውያን ሥራ ፈጥሯል። ይህን ቁጥር በየስብሰባው ስንጠቅሰው እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ግን አማካይ ነው። ጄፒ ላይ ከዚምባብዌና ከሞዛምቢክ ለሚመጣ ነጋዴ በጅምላ የሚሸጥ፣ ተሸካሚና ሻጭ የቀጠረ ሀበሻ አማካዩን ከፍ ያደርገዋል። አንድ ልጅ በ105 ሰዓት ያስቀመጠው ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። ለከሳሾቻችን ስንመልስ በመጀመሪያው ጀርባ ሁለተኛውን አንደብቅ።

ወደ ክሊኒኩ ልምጣ። በ2025 ስደተኛን የሚቃወመው የኦፕሬሽን ዱዱላ ንቅናቄ ሰዎች በክሊኒክ በር ላይ ቆመው መታወቂያ ሲጠይቁ፣ እርጉዝ ሴት ሲመልሱ አይተናል። በኅዳር ወር የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲያቆሙ አዘዘ። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ድንገተኛ ሕክምና ለማንም አይከለከልም ይላል። ጆሃንስበርግ ባለችበት በጋውቴንግ ክፍለ ሀገር እርጉዝና አራስ ሴት፣ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ሕፃንም ወረቀት ኖረውም አልኖረውም በነጻ እንዲታከም በ2023 በፍርድ ቤት ተረጋግጧል። እህቶቼ ይህን እወቁ። በር ላይ የመለሳችሁ ሰው ሕግ የለውም።

ሰልፉን ያመጣነው እኛ ነን የሚለውም ልክ አይደለም። በ2022 ቆጠራ ከ62 ሚሊዮን ሕዝብ ውጭ ሀገር የተወለደው 2.4 ሚሊዮን ያህል ነው። ስደተኛ እጅግ ጥቂት በሆነበት ኢስተርን ኬፕም መድኃኒት ይጠፋል፣ ሰልፉም ያው ነው። እርግጥ ጋውቴንግ ላይ ብዙ ነን። ሌሊት ተነስታ ወረፋ የያዘች እናት የሀገር አቀፍ ቁጥር አይታያትም፤ ከፊቷ የቆመውን ሰው ነው የምታየው።

ከኛ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛው ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ክፍያ የሚተመነው በገቢ ነው። ሱቅ ያለው፣ መኪና ያለው ሰው ገቢ እንደሌለው ተመዝግቦ ሲታከም የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ያያሉ። ገቢ ካለን እናስታውቅ፣ የሚገባንን እንክፈል። ቫትማ ካሽ ኤንድ ካሪ ስንገዛ ሁላችንም እንከፍላለን፤ የገቢ ግብር ላይ ግን አንዳንዶቻችን የለንም። "ታክስ እንከፍላለን" ስንል የሚያሳይ ወረቀት ይኑረን።

ሁለተኛው እንደገና ያው ልጅ ነው። ያ ልጅ ክሊኒክ አይሄድም። ይፈራል፤ አሠሪውም ሱቁን ዘግቶ እንዲሄድ አይፈልግም። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ይተኛል፤ ሲያስለው ሽሮፕ ይገዛለታል። ደቡብ አፍሪካ ቲቢ የበዛበት ሀገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ክሊኒክ በነጻ ነው፤ በጊዜ ከተጀመረ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ያልቃል። ሳይታከም ሲቀር ግን በዚያች ቀዳዳ በኩል ዳቦና ሳንቲም ሲቀባበል ይውላል፣ በሕፃንም በጎጎም ላይ እየሳለ። ልጁ ክሊኒክ ባለመሄዱ የማንም ወረፋ አላጠረም። በኋላ በአምቡላንስ ሲወሰድ ደግሞ ለሁሉም ይከብዳል።

የምለምናችሁን በግልጽ ልናገር። አዲስ ልጅ ማስመጣት አቁሙ። ሱቅ ለማስፋት ሰው ካስፈለገ ከሰፈሩ ቅጠሩ። ያቺ ዳቦ የገዛችው እናት ልጅ ዙሉም ሶቶም ያውቃል፣ ማትሪክ ጨርሷል፣ ሌባውን በስሙ ይጠራዋል። እሱ በሚሠራበት ሱቅ ላይ ድንጋይ ለመወርወር የሰፈሩ ሰው ሁለቴ ያስባል። ይሰርቀናል የሚል ፍርሃት እንዳለ እሰማለሁ። ዕቃ በደብተር ገብቶ በደብተር ሲወጣ ማን ምን እንደጎደለበት ይታወቃል፤ ይህን ሥርዓት ማስያዝ የኔ ቢጤዎች ሥራ ነው።

ዕቁብ ሰብሳቢዎች፣ ለደላላ የሚላክ ገንዘብ መሆኑን ካወቃችሁ ዕጣውን አታውጡ። ይህ ከእጃችሁ ያለ ነገር ነው፤ የኤምባሲም የመንግሥትም ፈቃድ አይጠይቅም። የቤተ ክርስቲያን አባቶችና ፓስተሮችም ስለ መንገዱ ስትጸልዩ እስከ ዛሬ ሰምቻለሁ። ገንዘቡን ስለሚልከው ሰውም ተናገሩ።

አሁን ያሉትን ልጆች በተመለከተ፣ ሴክሽን 22 ወይም 24 (የታወቀ ስደተኛ ወረቀት) የያዘውን በስሙ መዝግቡት። ሰዓቱን አሳጥሩ፣ ሕጉ ያለውን ክፈሉ፣ ዩአይኤፍ (የሥራ አጥነት መድን) አስገቡለት። ከእሱ አንድ በመቶ፣ ከእናንተ አንድ በመቶ ነው። ወረቀት የሌለውን ደግሞ በዕዳ አትያዙት። ዕዳውን ሰርዙለትና ነጻ ልቀቁት። በነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡ አሉ፤ ሎየርስ ፎር ሂዩማን ራይትስ አንዱ ነው። ጉዳዩ መንገድ እንዳለውና እንደሌለው እነሱ ይንገሩት። ሀገሩ መመለስ የሚፈልገውን ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት (አይኦኤም) የሚረዳበት መንገድ አለ። ብቻ ውሳኔው የልጁ ይሁን።

"ይህን ሁሉ ካደረግን ሱቁ ይዘጋል" የሚለኝ ሰው ይኖራል። አንዳንዱ ይዘጋል፤ ደብተሩን አይቼዋለሁና አልዋሽም። ዳቦና ስኳር ላይ የሚተርፈው ሳንቲም ነው። ግን የኛ ንግድ እዚህ የደረሰው በልጅ ጉልበት ብቻ አይደለም። አምስት ስድስት ሆነን በጋራ በጅምላ እንገዛለን። በትንሽ ትርፍ ቶሎ እንሸጣለን። ለጡረተኛ ጎጎ እስከ ወሩ መጨረሻ በዱቤ እንሰጣለን። ጋራዟን ተከራይተን ከጡረታዋ ላይ እንጨምርላታለን። በዚህ ሁሉ ማንም ጣቱን ሊቀስርብን አይችልም። ሁለት ሱቅ በሕግ መያዝ ካልቻልን አንዱን በወጉ እንያዝ። ሱቁን ለመጠበቅ ያለ ክፍያ የሚያድር ልጅ የግድ ከሆነ፣ እሱ ሱቅ መጀመሪያውኑ ትርፍ አልነበረውም።

ሠራተኛ በስሙ ለማስመዝገብና ዩአይኤፍ ለማስጀመር ፎርሙ የሚከብደው ባለሱቅ ካለ ይምጣ፤ እኔ ያለ ክፍያ እሞላለታለሁ። የሠራተኛው የፈቃድ ወረቀት (ፔፐር) ኮፒ፣ የሱቁ የምዝገባ ወረቀትና የሥራ ሰዓቱ የተጻፈበት አንድ ገጽ ውል ለመጀመሪያ ይበቃል። ውሉንም ከሌላችሁ አብረን እንጽፈዋለን፤ ልጁ የሚፈርመውን እንዲረዳ በአማርኛ ወይም በሀዲይሳ እናነብለታለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጆሃንስበርግ የምትገኝ፣ የሱቆቻችሁን ሒሳብ የምትሠራ እህታችሁ